የኮምፔንሳቶው ግድግዳ

አባቴ የሞተው በጦርነቱ ጊዜ ነው ስል ሰው ሁሉ "ምን መታቸው?" ብሎ ይጠይቀኛል። ምንም አልመታውም። ከተማችን መርሳ በታጣቂዎች እጅ ሳለች፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ የስኳር መርፌ አጥቶ አልጋው ላይ ነው የሞተው። ይህን ስናገር የጠያቂው ፊት ቀዝቀዝ ሲል አያለሁ፤ የጠበቀው ሌላ ወሬ ነው። እኔም ድሮውንም ቁጡ ነኝና ብዙ ጊዜ ነገሩን እዚያው እቆርጠዋለሁ። አሁን ግን ከመነሻው ልጽፈው ተቀምጫለሁ፣ የማንንም ስም ሳልጠራ። ለምን እንደማልጠራ አንባቢ ሲጨርስ ይገባዋል።

አባቴ ሾፌርም መካኒክም ነበር። ደሴና ወልድያ መካከል አውቶቡስ ሲያመላልስ ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው መርሳ ላይ መኪና መጠገን ጀመረ። እዚያው ሥራው ላይ እያለ ጆሮው ተደፈነ። ደሴ የመረመረው ሐኪም ከታምቡሩ ወዲያ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ደርቀዋል ብሎታል። ደንቆሮ ይጮኻል ሲባል እሰማለሁ፤ የእኔ አባት ግን ጆሮው በደከመ ቁጥር ድምፁም አብሮ እየለዘበ ሄደ። የራሱ ድምፅ ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሚያስተጋባበት የጮኸ ይመስለው ነበር። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ እኛ እንጮኻለን፣ እሱ በሹክሹክታ ይመልሳል። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ እናቴና እኔ አንድ ምስኪን ሽማግሌ ስናንገላታ የምንውል ሳይመስለው አይቀርም።

እኔ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነኝ። ጦርነቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንድ የወልድያ ባለሆቴል "የማይታይ ስፒከር ሥራልኝ" ብሎ መጣ። እንግዶቹ ሙዚቃ ይፈልጋሉ፤ ሚስቱ ደግሞ ግድግዳዋ ላይ ጥቁር ሳጥን ማየት አትፈልግም። ለዚህ የሚሆን ዕቃ እንዳለ ሰምቼ ነበር። የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የሚያክል ክብ ነገር ነው፤ በጀርባው ማጣበቂያ አለው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲለጥፉት ያንኑ ነገር እያንቀጠቀጠ ስፒከር ያደርገዋል። ሻጮቹ ኤክሳይተር ይሉታል፤ እኔ ግን "አንቀጥቅጥ" ብዬ ስም አወጣሁለት። አንድ ሾፌር ከአዲስ አበባ ጥቂት አመጣልኝ።

ያልለጠፍኩበት ነገር የለም። ካርቶን ላይ ድምፁ በአፍንጫ የሚያወራ ሰው ሆነ። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ላይ ዘፋኙ ጥርት አለ፣ ከበሮው ግን ጠፋ። በመጨረሻ ስስ ኮምፔንሳቶ ቆርጬ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ሞከርኩ፤ ያኔ ነገሩ መልክ ያዘ። ልክ መሃሉ ላይ ከተለጠፈ አንዱ ድምፅ ይጮኻል፣ ሌላው ይሞታል፤ ከመሃል ፈቀቅ ሲል ይስማማሉ። ጀርባው ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ይታፈናል፤ ከኋላውም አየር ይፈልጋልና። "ጠፍጣፋ ስፒከር ፊትና ጀርባ የለውም፤ በሁለቱም በኩል እኩል ይናገራል" ብዬ ለባለሆቴሉ አስረድቼዋለሁ። እንደ ትልቅ ሊቅ ጣቴን ቀስሬ ነበር ያስረዳሁት።

አንድ ቀን ሰሌዳውን ሱቄ ውስጥ በገመድ ሰቅዬ አምባሰል ስሞክርበት አባቴ ገባ። ሰሌዳውን በመዳፉ ነካው፣ እኔን አየኝ፣ ከኪሱ ረጅሙን ካቻቢቴውን አወጣ። መካኒኮች ሞተር ውስጥ የሚንኳኳው የቱ ጋ እንደሆነ ሲፈልጉ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ግንዳቸው ላይ ተክለው ያዳምጣሉ። አባቴ ጆሮው ከተደፈነ ወዲህ እጀታውን በጥርሱ ይነክሰው ነበር፤ በአጥንቱ በኩል ይሰማዋል። ሰሌዳዬንም እንደ ሞተር አዳመጠው። ቆየ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"አምባሰል ነው" አለኝ ካቻቢቴውን ከአፉ አውጥቶ። "ማሲንቆም አለበት።"

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይመጣና ካቻቢቴውን ነክሶ ከሰሌዳው ፊት ይቀመጣል። ደንበኛ ሲገባ ምን እያደረገ እንደሆነ ግራ ይጋባል። እኔም ማስረዳት ስለሚሰለቸኝ "እየጠገነው ነው" እላቸው ነበር።

አባቴን የሚያስጨንቀው ግን የዘፈን ነገር አልነበረም። የሚያስጨንቀው ንስሐ ነበር። የንስሐ አባታችን ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ጊዜ ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዛፍ ሥር ሲያናዝዙት፣ የጠየቁትን አልሰማ ቢላቸው ደገሙት። አሁንም አልሰማም። በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀና "መጠጡን ነው ወይስ ሴቲቱን?" ብለው ጮኹ። ጠበል ሊጠጣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞረ። አባቴ ስለ መጠጥ እንደነበር፣ ሴት የምትባል በነገሩ ውስጥ እንደሌለች ምሎ ተገዝቶ ተናገረ፤ እናቴ ግን ዕድል አገኘች። እራት ስታቀርብ ጆሮው ሥር ጠጋ ብላ "ሴቲቱስ ደህና ናት?" እያለች አበሸቀችው። ከዚያ በኋላ አልናዘዝም አለ። "አገር እየሰማኝ ከምናዘዝ እንዲሁ ብሞት ይሻለኛል" ይል ነበር። ከልቡ አልነበረም። አባቴ በዓለም ላይ አንድ የሚፈራው ነገር ቢኖር ሳይናዘዝ መሞት ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ጦርነቱ በወልድያ በኩል ወርዶ መጣብን። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ሱቄ ተሰብሮ የእኔም የሰውም ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተጫነ። ጠፍጣፋ ስፒከሮቼን ማንም አልወሰዳቸውም፤ ታጣቂዎቹ ተራ ጣውላ መስለዋቸው ለማገዶ ሰነጠቋቸው። ቤታችንም ገብተው ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ መጋረጃውን ሳይቀር ወሰዱ። ሳሎኑ ባዶውን ቀረ፣ ስናስል እንኳ ያስተጋባል። የተረፈንን ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና የእህል ጆንያ አባቴ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አጨቅነው። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው አባቴ በጉልበቱ ጊዜ የሠራው፣ አረንጓዴ ቀለም የቀባው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው።

ከስኳር መርፌው አንዲት ጠርሙስ ቀርታለች። መብራት ስለሌለ እናቴ በላስቲክ አስራ፣ ውሃ የሞላ ገንቦ ውስጥ ከትታ ታቀዘቅዛታለች። ጎረቤታችን ያለች አንዲት ተማሪ ልጅም ስኳር አለባት። ሰላም በነበረ ጊዜ ቀጠሮ ሲደርስ ከአባቴ ጋር ተያይዘው ጤና ጣቢያ ይሄዱ ነበር። "የስኳር ጓደኛዬ" ይላታል። ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርሱ "ቦምቦሊኖውን እንዳታዪው፣ ዓይንሽን ጨፍኚ" እያለ ያስቃታል።

አንድ ጠዋት እናቴ ከውጭ ስትገባ አባቴ በር ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል። ገንቦው ተሰብሯል፣ ወለሉ ውሃ ሆኗል፣ የጠርሙስ ስብርባሪ ከሸክላው ጋር ተደባልቋል።

"ስነሳ አደናቀፈኝ" አላት።

ገንቦውን የዚያን ዕለት መተላለፊያው ላይ ያስቀመጠችው እናቴ ነበረች። አባቴ በአንዲት ቃል እንኳ አልወቀሳትም፤ እሷ ግን ራሷን ይቅር አላለችም። "እጄ ይቆረጥ! ምን አቅብጦኝ ነው በር ሥር ያስቀመጥኩት?" ትላለች ቀን በቀን። በመጨረሻ መድኃኒት ፍለጋ በእግሯ ወጣች። ወደ ግራና ከተማ ሄደች፤ መድኃኒት ቤቱ በሩ ተገንጥሎ መደርደሪያው ባዶ ነው። ወደ ውርጌሳ ሄደች፤ ከመንገድ መለሷት። እግሯ አብጦ ገባች። አባቴ እግሮቿን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቀስ በቀስ ከሳ፣ ውሃ ውሃ ይላል፣ አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑም ጭልም ይልበት ጀመር።

"ቄሱን ጥሩልኝ" አለ አንድ ቀን።

መጥራቱ ቀላል ነው፤ ማናዘዙ ነው ችግሩ። ጽፈን እንዳናሳየው ዓይኑ አያነብም። እንዳይጮኹበት ታጣቂዎቹ አጠገባችን ያለውን ባዶ ቤት ይዘዋል፤ የሚጮኽ ድምፅ ከሰሙ ዘለው ይገባሉ። ካቻቢቴ ነክሶ መስማት ይቻላል፤ ካቻቢቴ ነክሶ ኃጢአትን መናገር ግን አይቻልም። የቀረኝን ሰበሰብኩ። አንዲት አንቀጥቅጥ እቤት ተርፋለች፤ ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ማይክና የመኪና ባትሪ ደግሞ ጭድ ውስጥ ደብቄ ነበር። መጀመሪያ ቁራጭ ጣውላ ላይ ለጥፌ ትራሱ ሥር አደረግኩለት። ራሱን ነቀነቀ፤ አልሰማም። ትልቅና ስስ ሰሌዳ ያስፈልጋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ዓይኔን ሳነሳ አልጋው የተጠጋበት አረንጓዴ ግድግዳ ፊቴ አለ። ሰፊ ነው፣ ስስ ነው፣ በሁለቱም በኩል አየር አለው። መርሳ ውስጥ ከእሱ የተሻለ ሰሌዳ አይገኝም።

ከትራሱ ከፍ ብዬ ቀለሙን ፍቄ ለጠፍኩት። አባቴን ደገፍ አድርጌ ጆሮ ግንዱን ከግድግዳው አስጠጋሁት። እኔ ግርጌው ተቀምጬ ማይኩን ወደ አፌ አቀረብኩና ሹክ አልኩ።

"አባባ፣ ይሰማዎታል?"

"ይሰማኛል" አለ። "እንዲያውም ጉንፋን ይዞሃል።"

እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ማይኩን ከእጄ መንጭቃ ወሰደችና ከንፈሯ ላይ አድርጋ "ሴቲቱስ ደህና ናት?" አለችው። አባቴ ሳቀ። ያን ያህል ዘመን ስትጮኽበት ኖራ በሹክሹክታ ሰማት። ሲስቅ ያየሁት ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው።

እኔም ደስ አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ድምፁ እዚህ ግባ አይባልም፤ ፍራሹና ጆንያው ይውጠዋል። ምስጢሩ አይወጣም ብዬ አመንኩ። ስንሞክረው ሦስታችንም መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነበርን፣ ሳሎኑ ውስጥ ሰው አልነበረም። ሄዶ ማዳመጥን ማንም አላሰበም።

ቄሱ በማግስቱ ቀትር ላይ መስቀላቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው መጡ። ማይኩን አስያዝኳቸው። "አባታችን፣ እንዳይጮኹ። ለራስዎ የሚናገሩ ያህል ብቻ ይበሉ፤ እሱ ይሰማል" አልኳቸው። ተጠራጠሩ፣ ግን እሺ አሉ። ሰው ሲናዘዝ ሦስተኛ ሰው አይቆምምና እናቴና እኔ በሩን ዘግተን ወጣን። ግቢ እንዳንወርድ ከውርጌሳ በኩል ከባድ መሣሪያ ይጮኻል፣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ባዶው ሳሎን ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀመጥን።

ትንሽ ቆይቶ ግድግዳው በቄሱ ድምፅ "አይዞህ ልጄ፣ ሁሉንም ንገረኝ" አለ።

መጀመሪያ በሩ ያልተዘጋ መሰለኝ። በሩ ተዘግቷል። ያን ጊዜ ገባኝ። ፊትና ጀርባ የለውም ብዬ ጣቴን ቀስሬ ያስተማርኩት እኔ፣ ምስጢር ለመጠበቅ ብለን የምንወጣበት ክፍል ከስፒከሩ ማዶ እንደሆነ አላየሁም። ዕቃ የሌለው ሳሎን ደግሞ ድምፁን ተቀብሎ ያስተጋባዋል። የአባቴ ለስላሳ ድምፅ አይሰማም፤ የቄሱ ግን አንዲትም አልቀረች።

ገብቼ ሽቦውን ልንቀል ተነሳሁ። አምፕሊፋየሩ ያለው ግን በቄሱ እግር ሥር ነው፣ ኑዛዜ መሃል በር ከፍቶ መግባት ደግሞ ነውርም ኃጢአትም ነው። ለእናቴ በእጄ እንውጣ አልኳት። ያኔውኑ ቤቱን ያናወጠ ድምፅ መጣና ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ሁለታችንም ጣታችንን ጆሯችን ውስጥ ከተትን። እንደ ሕፃን ጆሯችንን ደፍነን ፊት ለፊት ተያየን። በጣቴ መሃል ግን ይሰማል።

"ቆይ እስቲ። ጠርሙሷ አልተሰበረችም ነው የምትለኝ?"

የአባቴ መልስ ወደ እኛ አያልፍም።

"ለልጅቷ? የቀረችህን አንዲቱን?"

የእናቴ እጆች ቀስ ብለው ከጆሮዋ ወረዱ።

"የሰበርከው እንግዲህ የድሮውን ባዶ ጠርሙስ ነው... አይደለም፣ ራስን መግደል አይባልም። ስለ ሌላ ነፍስ ብለህ ያደረግኸውን እግዚአብሔር ያውቃል።" ቄሱ አሁን ሹክሹክታውን ረስተዋል። "ባለቤትህ ግን ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ እያለች፣ እግሯ እስኪያብጥ ስትንከራተት ዝም ብለህ አይተሃል። ኃጢአቱ እሱ ነው ልጄ። እሱን አልቅስበት።"

ሌላም አሉ፤ አልሰማሁትም። ወይም አላስታውስም። በመጨረሻ ግድግዳው "እግዚአብሔር ይፍታህ" አለ። እናቴ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፋች።

ቄሱ ምንም ሳያውቁ፣ የማይኩን ነገር እያደነቁ ሄዱ። ገብቼ አምፕሊፋየሩን አጠፋሁ። አባቴ ጆሮ ግንዱን ከግድግዳው አላነሳም። ፊቱ የተገላገለ ሰው ፊት ነበር፤ ያንን ሳየው ያልሰማሁ በሆንኩ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ግንባሩ ተቋጠረ።

"አጥፍተኸዋል?" አለኝ።

አዎ ስል ራሴን ነቀነቅኩ። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ ሞተር እንደሚያዳምጥ።

"እናትህ እያለቀሰች ነው" አለ። "ግንባሯን ከወዲያ በኩል አስደግፋዋለች።"

መካኒክ ነው። ከዚያ በላይ ማስረዳት አያስፈልገውም። የእሷ ለቅሶ ከወዲያ ወደ እሱ ከደረሰ፣ የቄሱም ድምፅ ከወዲህ ወደ እሷ እንዳለፈ ገባው። ዓይኑን ጨፈነ። ሽቦውን ስጠቀልል፣ የእናቴ ድምፅ በግድግዳው መጣ። አልጮኸችም። ከንፈሯን ኮምፔንሳቶው ላይ አድርጋ ነበር የምትናገረው።

"ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ትከለክይኝ ነበር" አላት፣ እሱም ከንፈሩን ግድግዳው ላይ አድርጎ።

ውጭ ከባድ መሣሪያው እየጮኸ ነው።  

"አዎ" አለች። "እከለክልህ ነበር።"

"ልጅቷ እንዳታውቅ። ሌላ ጠርሙስ አለኝ ብያታለሁ። ካወቀች መርፌው አይወርድላትም።"

እናቴ መልስ አልሰጠችውም። በማግስቱም፣ በሣልስቱም አልሰጠችውም። ታጥበዋለች፣ ውሃ ታጎነጨዋለች፣ ታገላብጠዋለች፤ አፏ ግን ዝግ ነው። ተቆጥታለች። እኔም ተቆጥቼ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ልጅቷን ጠላኋት። በአጥሩ በኩል ስታልፍ ሳያት በእግሯ መቆሟ ራሱ ያናድደኝ ነበር። አባቴ የሌላን ሰው ልጅ መርጦ እኛን ትቶን የሚሄድ መሰለኝ። እናቴም ይህንኑ ታስብ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አባቴ አንድ ንጋት ላይ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፈ አረፈ።

ለቅሶው ድንኳን አልነበረው፣ የእድሩ ጡሩምባም አልተነፋ፤ ሰው መሰብሰብ ያስጠረጥር ነበር። ሰዎች አንድ በአንድ እየገቡ ባዶው ሳሎን ውስጥ ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ያለቅሳሉ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር መጣች። እናቴ አጠገብ ተንበረከከችና እስክትደክም አለቀሰች። ከዚያ ቀና አለች።

"እማማ፣ መድኃኒታቸውስ?" አለች። "ሌላ አለኝ ብለውኝ ነበር እኮ።"

የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሰማ።  እናቴ ከኑዛዜው ቀን ጀምሮ በሆዷ የያዘችውን ቁጣ አውቃለሁ፤ አሁን ብታወጣው ማንም አይፈርድባትም። አረንጓዴውን ግድግዳ አየች። ከዚያ የልጅቷን ፊት በሁለት እጆቿ ያዘች።

"ነበረው ልጄ። ተሰብሮ ነው" አለቻት። "ገንቦውን መተላለፊያ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እጄ ይቆረጥ።"

አንዷ ለቀስተኛ ከንፈሯን መጠጠች፣ ሌላዋ "ምነው፣ ትንሽ ብትጠነቀቂ" አለች። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማቻት።